አንድ ልጅ፣ ሁለት ምስል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ኬክ ተቆረጠ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ ከዚያም የአስተዳደር ኃላፊው የምስክር ወረቀቴን ጮክ ብሎ አነበበ። «ወይዘሮ አስካለ በሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ባገለገሉበት ዘመን ሁሉ በግል ማኅደራቸው አንድም ጥፋት ያልተመዘገበባቸው፣ እንከን የለሽ ባለሙያ ናቸው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማይክሮፎኑን ሲሰጡኝ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብዬ ተቀመጥሁ።

ያን ዕለት ያልተናገርሁትን ነው አሁን የምጽፈው። ማኅደሬ ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው። ንጹሕ የሆነው ግን ስላላጠፋሁ አይደለም። የእኔን ጥፋት የሚጽፍ ሰው የሌሎችንም አብሮ መጻፍ ስለሚኖርበት ማንም ብዕር አላነሳም። በእኔ ፊርማ የታሰረች ሴት ነበረች። በእኔ አንድ መስመር ጽሕፈት ላልነበረ ልጅ ያለቀሰች እናት ነበረች። «እንከን የለሽ» የሚለው ቃል እነዚያን ሁለት ሴቶች እንዳልነበሩ አድርጎ ነው የሰረዛቸው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ስመረቅ ከክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ክፍል ተመደብሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ብሎ መዝገብ ላይ አስቀመጠኝ። ስምንት ወር ሙሉ የገባና የወጣ ዕቃ ስጽፍ ካቻቢቴ በእጄ አልነካሁም። ሁለተኛው አለቃ ከስብሰባ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው ነበር። የክፍሉ አንጋፋ ጠጋኝ ጋሽ ይልማ ከመዝገቡ ያስነሡኝ እሱ ስብሰባ ላይ ሳለ ነው። «ነይ ልጄ፣ ያ መዝገብ አይሸሽም» አሉኝ።

ጋሽ ይልማ አጭር፣ ዝምተኛ፣ በጋም ክረምትም ካኪ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ማንኛውንም ማሽን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ እኔንም ያስታጥቡኛል። ቡሎን ከመፍታቴ በፊት የሰርኪዩቱን መንገድ በካርቶን ጀርባ ላይ በቃሌ እንድስል ያስገድዱኛል። ከተሳሳትሁ አይቆጡም፤ ካርቶኑን ገልብጠው በድጋሚ ይሰጡኛል። የተጠረጠረ የሰርኪዩት ካርድ ሲያገኙ በእርሳስ እንጨት ጫፍ እያንዳንዱን የሽቦ እግር በቀስታ ይነካካሉ፤ ዓይናቸው ከካርዱ ላይ ሳይሆን ከስክሪኑ ላይ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚያደርጉትን ነው። ማሽኑን ያበሩና ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ከካፖርታቸው ኪስ ቆሎ አውጥተው አንድ አንድ ፍሬ እየቆረጠሙ ይጠብቃሉ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። የሆስፒታሉ ሰው ወረቀት ይዞ በር ላይ ቢቆም «ገና አልሞቀም» ይሉታል። ለእኔም «ቀዝቃዛ ማሽን እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ነው፣ ጠባዩን አያሳይም» ይሉኝ ነበር። ቆሎው ሳያልቅ ፈርመው አያውቁም።

ከዚያ ለስድስት ወር ወደ አንድ የሶሻሊስት አገር ለሥልጠና ተላክሁ። አልትራሳውንድ የተማርሁት እዚያ ነው። ሌላው ሰው ምስሉን ያደንቃል፤ እኔ የወደድሁት መቀያየሪያውን ነው። በእናት ሆድ ላይ የሚደረገው ፕሮብ ፊቱ ላይ ስድሳ አራት ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ወደ ውስጥ ይልክና ዝም ብሎ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ሲልክ ከመቶ ቮልት በላይ ይመታዋል፤ ሲያዳምጥ ግን የሚመለስለት ለወሬ የማትበቃ ኢምንት ቮልት ናት። አፉም ጆሮውም ያው አንድ ሽቦ ነው። በመካከሉ ያሉት ዳዮዶች በፍጥነት ካልዘጉለት ጩኸቱ የራሱን ጆሮ ያቃጥለዋል። ይህ አንደኛው መቀያየሪያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተራ ጠሪው ነው። ስድሳ አራቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም፤ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ በቡድን በቡድን ይጠራሉ። የሚጠራቸው መዳፍ የምታክል አንዲት ካርድ ናት። እሷ ከተሳሳተች ምስሉ አይጠፋም። ጥርት ብሎ ይዋሻል።

ከድርቁ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደሴ ተዛውሬ ወሎን እዞር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የውጭ ርዳታ ድርጅት ላሊበላ ከከተማው ጫፍ ትንሽ ክሊኒክ ሠርቶ አንድ አልትራሳውንድ አመጣ። ማሽኑ ከጋሸና ወዲያ ያለውን ድንጋያማ መንገድ በጭነት መኪና ላይ ሲዘል ደርሶ፣ ሲተከል ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። እኔ ተላክሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችኝ አዋላጇ ነርስ ሲስተር ጥሩወርቅ ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት። ከድርጅቱ ሐኪም የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ወስዳለች። ሐኪሙ ፈቃዱ አልቆ ሊሄድ ነበርና ከዚያ በኋላ ማሽኑም ወላዶቹም በእሷ ትከሻ ላይ ናቸው።

«እቴ፣ ይቺ ነገር በቅጡ ትሠራልኝ ይሆን?» አለችኝ። «እዚህ ሴቶቹ በቃሬዛ ነው የሚመጡት፣ ያውም ሁለት ቀን አምጠው። ልጁ ተጣሞ እንደሆነ አስቀድሜ ካወቅሁ ወደ ወልድያ ለመላክ ጊዜ አገኛለሁ።»

እጄን ታጥቤ ከፈትሁት። ጄኔሬተሩ ከፍ ዝቅ ሲል ዳዮዶቹን አቃጥሏቸዋል፤ ቀየርኋቸው። ተራ ጠሪዋ ካርድ ደግሞ በመንገዱ መንገጫገጭ ከማስገቢያዋ ግማሽ ወጥታ ነበር፤ ገፍቼ አስገባኋት። ስንጥቅ ይኖር እንደሆነ አገላብጬ አየሁ፤ ዓይኔ ምንም አላገኘም። በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ምስሉ መጣ። ጥሩወርቅ ክንዴን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። የቀረው ወንበር ስቦ መቀመጥ ነበር።

በዚህ መካከል የአውራጃው ካድሬ ገባ። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት፣ እነሱ ምንም አላጠፉም። በማግሥቱ ምረቃ ነበር፤ እንግዶች በአውሮፕላን ይመጣሉ ተብሏል።

«ጓድ አስካለ፣ አለቀ አይደል?»

«ምስሉ መጥቷል። ግን መሞቅ አለበት። እስከ ዐሥር ሰዓት ይብራልኝ።»

«ጄኔሬተሩን አጥፋ» አለው ዘበኛውን። «ነዳጁ ለነገ ነው።»

«ጓድ፣ ሳይሞቅ አልፈርምም።»

ሳቀ። «ወጥ ነው እንዴ የሚሞቀው?» ከዚያ ሳቁን ትቶ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የሚሠራ ማሽን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ለምን አልተፈረመም ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ባለሙያዋ ምረቃውን ለማደናቀፍ ፈልጋ ነው ልበል?»

በዚያ ዘመን «ማደናቀፍ» ቀላል ቃል አልነበረም። ሰው ያስበላል። ፈረምሁ። ማንም እጄን አልጠመዘዘም፣ ማንም ሽጉጥ አላወጣም። ብዕሩን ከኪሴ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ያን ካድሬ ባሰብሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ያን ብዕር ሳስብ ግን ንዴቱ የባሰ ነው።

በማግሥቱ ሪባን ተቆረጠ። «ከእንግዲህ በዚህ አውራጃ አንዲት እናት በጨለማ አትወልድም!» ብሎ ካድሬው ተናገረ። ጭብጨባው እስኪበርድ እኔ መኪና ላይ ነበርሁ።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ አንድ ሾፌር ከጥሩወርቅ ደብዳቤ አመጣልኝ። እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። «እቴ አስካለ፣ እንዴት ሰነበትሽ። ከገነተ ማርያም የመጣች ደብሬ የምትባል ነፍሰ ጡር አለች። ሁለት ራስ አያለሁ። ነገር ግን አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም እኩል ይንቀሳቀሳል፤ አንዱ እጁን ሲያነሣ ሌላውም ያነሣል። መንታ እንዲህ ይሆናል? ወይስ ከማሽኑ ነው? በማዳመጫው የምሰማው አንድ ልብ ይመስለኛል። እባክሽ ቶሎ ጻፊልኝ።»

ጋሽ ይልማ ይህን ቢያነቡ ምሳቸውን ትተው ይነሡ ነበር። እኔ በቁሜ ነው ያነበብሁት። ወደ ሌላ ሥራ የሚወስደኝ መኪና ጡሩምባ እየነፋ ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ «ካርዱ ተፈትሿል፤ የማሽን ችግር አይደለም። አስካለ» ብዬ ጽፌ ለሾፌሩ መለስሁለት። ለምን እንዲህ አደረግሁ? ፈርሜ ስለነበር ነው። የፈረምሁትን መጠራጠር ራሴን መጠራጠር መሰለኝ። ይህን ያህል ርካሽ ነው ምክንያቱ።

የሆነውን የሰማሁት የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም ደሴ ድረስ መጥቶ ሲነግረኝ ነው። አቧራ እንደለበሰ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመና «አስካለ ማለት አንቺ ነሽ?» አለኝ። «እንዴት ዋልህ» እንኳ ሳልለው ቀጠለ።

ደብሬ ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ደም ፈሰሳትና ራሷን ሳተች። ጥሩወርቅ ሁለተኛውን ልጅ ጠበቀች፤ አልመጣም። የወጣው የእንግዴ ልጅ አንድ ነው፤ ማሕፀኑም ባዶ ነው። ወጥታ ለባልየው ለሞላ «አንድ ናት» አለችው። ሞላ ባለፈው ወር ስክሪኑ ላይ ሁለት ራስ በዓይኑ አይቶ የሄደ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በድርቁ ጊዜ በመጠለያ ጣቢያ ሁለት ልጆች ቀብሯል። ያን ዕለት የርዳታ ድርጅቱ መኪና ሣጥኖች ጭኖ ከክሊኒኩ ግቢ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወጥቶ ነበር። «ሁለት ናቸው ያልሽን አንቺ፣ ያሳየሽን አንቺ። አንዱን ለማን ሰጠሽው?» ብሎ ጮኸ። እስከ ገበያው ድረስ ወሬው ተዳረሰ፤ ነርሷ ልጅ ለፈረንጅ ሸጠች ተባለ።

ካድሬው በዚያው ቀን አሰራት። ማሽኑ ተሳሳተ ቢባል ያ ንግግሩ ሊበላሽ ነው። ነርሷ ሸጠች ቢባል ግን ጠላት ተገኘ፤ ሪፖርትም አማረ።

«በአደባባይ ያነበበው ያንቺን ጽሕፈት ነው» አለኝ ወንድሟ። «የማሽን ችግር አይደለም፣ አስካለ፣ አለ። ሦስት ሳምንቷ ነው ከታሰረች። ስንቅ ላቀብላት ስገባ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ 'እኩል ነበር የሚንቀሳቀሱት በላት። አስካለ ይገባታል።'»

ገባኝ።  ተራ ጠሪዋ ካርድ ከግማሽ በኋላ ወደ ቀኙ ወገን የምትሻገርበት አንድ እግር አላት። እግሩን ከካርዷ ጋር የሚያጣብቀው ሶልደር ፀጉር በማታህል ስንጥቅ ከተሰነጠቀ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ይነካካል፤ ሲሞቅ ይላቀቃል። ያን ጊዜ የቀኙ ወገን አይጠራም፤ የግራው ሁለት ጊዜ ይጠራል። አንዱ ራስ ሁለት ቦታ ይሳላል፤ በቀኝ በኩል ያለውን እውነተኛውን ነገር ደግሞ ማንም አያየውም። እስኪሞቅ ተቀምጬ ብጠብቅ በዓይኔ የማየው ነገር ነበር።

የደሴው አለቃዬ ጋ ገባሁ። «የተፈረመ ጉዳይ ነው፤ የመንገድ ፈቃድ አልሰጥም» አለኝ። «ያለ ፈቃድ እሄዳለሁ» ስለው መስኮቱን እያየ «እኔ አላየሁሽም» አለ። የድፍረቱ መጠን ይኸው ነበር። ከጥሩወርቅ ወንድም ጋር ወደ ላሊበላ እህል የጫነ መኪና አገኘን። ኬላው ላይ ፈታሹ ወደ እኔ ሲመጣ ሾፌሩ «ባለቤቴ ናት» አለልኝ፤ ከዚያ ማርሽ እያስገባ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያውቃል» አለኝ። ጋሸና አድረን በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረስን።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ካድሬው አይደለም። የጥሩወርቅ ጉዳይ በፍርድ ሸንጎ ሊታይ ስለነበር የደብሬ አባት ቄስ አድማሱ ከገነተ ማርያም መጥተው ዘመድ ቤት አርፈው ነበር። መስቀል ተሳልሜ እውነቱን ነገርኋቸው። 

«እኔ የማውቀው ልጄ ስታለቅስ ነው» አሉ።

«አባቴ፣ ማሽኑ ፊት ላይ መዘምራን ተደርድረዋል ይበሉ፤ ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ። ተራቸውን የሚጠራ አለ። ጠሪው ሲታመም አንዱን ወገን ብቻ ሁለት ጊዜ ይጠራል።»

አሰቡ። «እንግዲያ ቀኝ ጌታው አፉን ሳይከፍት ግራ ጌታው የራሱንም የእሱንም ደገመው ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ እንደሱ ነው።»

«እንዲህ ያለ ስሕተት በጆሮ ይታወቃል። ያንቺን በዓይን አሳይን።»

ፍርድ ሸንጎው ክሊኒኩ ውስጥ እንዲቀመጥ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሦስቱ ዳኞች ገበሬዎች ነበሩ፤ እሳቸውን እምቢ ለማለት አፋቸው አልተላቀቀም። ካድሬው «ነዳጅ የለም» አለ። የእህሉ መኪና ሾፌር ከመኪናው በጀሪካን ቀድቶ አምጥቶ ጄኔሬተሩ አጠገብ አስቀመጠ። ጥሩወርቅን በሁለት ታጣቂ አጅበው አመጧት። ከስታለች። አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም፣ ፊቷንም አላዞረችም።

ሳፋ ውሃ ሞልቼ አንድ ድንች በክር አስሬ በግራ በኩል አንጠለጠልሁ፤ ፕሮቡን ውሃው ላይ አደረግሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ድንች ታየ።

«አንድ ድንች፣ አንድ ምስል» አለ ካድሬው። «አየን። በቃ።» ተነሣ።

«ጓድ፣ ቢቀመጡ ምናለ» አሉት ቄስ አድማሱ። «ቅዳሴውም የሚያልቀው በሰዓቱ ነው።»

ተቀመጠ። ጠበቅን። ሰው መስኮቱን ሞላው። ማሽኑ እየሞቀ ጠረኑ ይሰማኛል። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት።  ባይላቀቅስ? ዛሬ ባይላቀቅ ይቺ ሴት ምን ትሆናለች? በሕይወቴ ማሽን እንዲበላሽ የለመንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሁለት ሆነ!»

የጮኸው ሞላ ነው። ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ድንች። ሁሉም ወደ ሳፋው ዞሩ፤ አንድ ነው። ቄስ አድማሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንቹን ከውሃው አወጡ፤ ሁለቱም ጠፉ። መለሱት፤ ሁለቱም መጡ።

ሞላ ማንንም ሳይጠይቅ የራሱን እጅ ከፕሮቡ በታች ሰደደ። ሁለት እጅ ታየ። አንዲት ጣቱን አጠፈ፤ ሁለቱም እጆች አንዲት አንዲት ጣት አጠፉ። ዘረጋ፤ ዘረጉ። ለብዙ ጊዜ እንዲያ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ተሰብሮ «እንዲህ ነበር» አለ። «ልክ እንዲህ እኩል ነበር የሚንቀሳቀሱት።»

ክዳኑን አንሥቼ በእርሳስ ጫፍ ያቺን እግር ተጫንኋት። አንድ ሆነ። ለቀቅኋት። ሁለት ሆነ።

ካድሬው ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ታዲያ ይህን የጻፈው ማነው? 'የማሽን ችግር አይደለም' ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ሳላጣራ ነው የጻፍሁት» አልሁ። «ገልብጠው ያንብቡት።»

አልገለበጠውም። ከዳኞቹ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ሰው ነበሩ፤ እየተንተባተቡ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «መ-ን-ታ እንዲህ ይሆናል? ወይስ ከማሽኑ ነው? በማዳመጫው የምሰማው አንድ ልብ ይመስለኛል።» ቀና አሉ። «ይቺ ልጅ አስቀድማ ጠይቃ ኖሯል እኮ» አሉ።

ጥሩወርቅ ተፈታች። ሞላ ከደጅ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «ተነሣ» አለችው። «አንተ ያየኸውን ነው ያመንኸው፤ እኔም ያየሁትን ነው የነገርሁህ።» ድንጋዩን ከትከሻው ላይ በእጇ አወረደችለት። እኔ ድንጋይ አልተሸከምሁም። ቀርቤ «ይቅር በይኝ» ስላት «ቆዪ፣ መጀመሪያ ሥራ አለን» አለችኝ።

ያልኋችሁ ንዴት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን ለመጠገን የሚያስፈልገው አንዲት ጠብታ ሶልደር ነበር። ካውያዬን አውጥቼ ሳሞቅ ካድሬው «ለምርመራ ይፈለጋል» ብሎ ክፍሉን አሸገ። ጥሩወርቅ ለመነችው፤ «በእነዚህ ወራት ያየኋቸው ሴቶች አሉ፤ ግማሹን ሆዳቸውን አላየሁትም፤ መዝገቡን ብቻ ስጠኝ፣ በእግሬ እየዞርሁ ልያቸው።» መዝገቡም ውስጥ ነው፣ ታሽጓል አላት። የስም ዝርዝር እንኳ አልሰጣትም። ያ በር እኔ እስከማውቀው ድረስ አልተከፈተም። ጥሩወርቅን ከጥቂት ወር በኋላ «ለራስሽ ደኅንነት» ብለው ወደ ቆላ አዛወሯት፤ መታሰሯም ነጻ መውጣቷም አንድ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሊጠይቁኝ ይገባ ነበር! አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ኖሮ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እውነቱ በቀለም ይቀር ነበር።

ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው። ሸንጎው በተነሣ ማግሥት ግን ጥሩወርቅ፣ ቄስ አድማሱ፣ ሞላና እኔ ወደ ገነተ ማርያም በእግራችን ወጣን። ሥራ አለን ያለችኝ እሱን ነበር። 

ደብሬ መደብ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል። ጥሩወርቅ ጎንበስ ብላ በግንባሯ ላይ፣ ከዚያም በግራ ጡቷ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ይሄ ድንጋይ ሆኗል እኮ። ግራውን አታጠቢያትም?»

«የሱ የወንድሟ ነው» አለች ደብሬ። «እንዳይደርቅ በእጄ ትንሽ ትንሽ እያለብሁ አቆየሁት። ሲያመጡልኝ ምን ይጠባል?»

ቄስ አድማሱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ መሬት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ።

«ደብሬ፣ ማሽኑን አየሁ ብዬ ሳላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ልጅ የለም። ማንም አልወሰደው፣ አልሞተም። አልነበረም።»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

«ያየሽው እሷኑ ነው። ሁለቴ የታየችው እሷ ናት።»

ሕፃኗን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እንዲያ ያለ አስተያየት አላውቅም። «ሞተ ብትይኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ለሞተ ይለቀሳል። አልነበረም ለሚባል ምን ይደረጋል?»

 

ጥሩወርቅ ውሃ አስሞቀች። ጨርቅ እየነከረች ጡቷን አለሰለሰችው፤ ደብሬ አንዴ ጮኸች፣ ከዚያ ጥርሷን ነከሰች። መጀመሪያ የወጣውን አፈሰሰችው። ቀጥሎ ሕፃኗን ተቀብላ ወደ ግራ አዞረቻት። ሕፃኗ ያለመደችው ጎን ሆኖባት ፊቷን መለሰች፣ አለቀሰች፣ ፈለገች፣ ያዘች።

ደብሬ አንገቷን ደፍታ ለረጅም ጊዜ ስትጠባ አየቻት።

«ትንሽ ናት እኮ» አለች። «ሁለቱንም ለብቻዋ ትችለዋለች?»

«ትችለዋለች» አለች ጥሩወርቅ፣ መዳፏን ከሕፃኗ ራስ ሥር ሳታነሣ።